ኤልኤም2596 «ስዊች ማድረግ አቆመ» ሲባል፦ ቺፑን ከመቀየርዎ በፊት የሚለካው

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔት እንዳይቋረጥብኝ ከአሮጌ ዩፒኤስ የወጡ ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪዎችን በተከታታይ አገናኝቼ፣ 24 ቮልቱን ኤልኤም2596 የተባለው ቮልቴጅ አውራጅ ቺፕ ባለበት ሰማያዊ ቦርድ ወደ 12 አውርጄ ራውተሩን አስነሳበታለሁ። ቻርጀሩ 24 ቮልት ትራንስፎርመርና አራት ዳዮድ ነው፤ ለብቻው ስለካው 23 ቮልት አካባቢ ስለሚሰጥ ከፍተኛ አይደለም። የራውተሩን አዳፕተርም ከቦርዱ መውጫ ጋር ጃኩ ላይ አንድ ላይ አስሬዋለሁ። ስድስት ወር ያለ ችግር ሠራ። አንድ ቀን መብራት እያለ የቺፑን 2ኛ እግር (ስዊቹ ወደ ኮይሉ የሚወጣበትን) ስለካ 12 ቮልት ላይ ዝም ብሎ ቆሟል፤ ጓደኛዬ በኦሲሎስኮፕ ሲያየው ቀጥ ያለ መስመር ነው። ስዊች ማድረግ (በፍጥነት መብራትና መጥፋት) አቁሟል ብለን ቺፑን ቀየርነው። አዲሱ ሁለት ቀን ሠርቶ፣ መብራት ሄዶ በመጣበት ቅጽበት ሞተ። ሦስተኛውን ስናስገባ ወዲያው ይሞቃል፣ ምንም አይሰጥም። ጭራሽ ራውተሩ በራሱ አዳፕተርም አልነሳ አለ፤ ቦርዱን ስነቅለው ግን ይነሳል። 5ኛው እግር 0 ቮልት ስለሆነ ትእዛዝ ያላገኘ መስሎኝ 5 ቮልት ሰጠሁት፣ ለውጥ የለም። ባትሪዎቹ ድሮ ሌሊቱን ሙሉ ይይዙ ነበር፤ አሁን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከመርካቶ የገዛኋቸው ቺፖች ፎርጅድ ይሆኑ? ወይስ 5 አምፔር የሚችለውን ኤክስኤል4015 ልግዛ?»

ምላሽ፦

ኤክስኤል4015ን ይተዉት። 5 አምፔር የሚለው ቁጥር ያማልላል እንጂ መግቢያው የሚችለው እስከ 36 ቮልት ብቻ ነው። ኤልኤም2596 እስከ 40 ቮልት ይሠራል፤ የመጨረሻ ጣሪያው 45 ነው። የእርስዎን ቦርድ ያቃጠለው አምፔር ሳይሆን ቮልቴጅ ስለሆነ፣ ጠንካራ መስሎዎት የሚያስገቡት ቺፕ ከበፊቱ ቀድሞ ይሄዳል። የእግሮቹ አደራደርም ስለሚለይ በዚያው ቦታ አይገባም። ራውተርዎ የሚፈልገው 1 አምፔር ያህል ነው፣ ያለዎት ቺፕ 3 ይችላል።

ቀጥሎ መታረም ያለበት «ስዊች ማድረግ አቁሟል» የሚለው ፍርድ ነው። ይህ የታየ ነገር ነው እንጂ የብልሽት ስም አይደለም። ቺፑ የሚያቆመው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ቁም ስላለው ነው። ማን ቁም እንዳለው የሚነግርዎት ደግሞ ያ ቀጥ ያለ መስመር የቆመበት ከፍታ ነው። 2ኛው እግር ላይ መስመሩ ሦስት ቦታ ሊቆም ይችላል፦ ዜሮ አካባቢ፣ መግቢያው ቮልቴጅ አካባቢ፣ ወይም ልክ መውጫው ቮልቴጅ ላይ። ጓደኛዎ ኦሲሎስኮፑን ይዞ ሲመጣ መስመሩ ቀጥ ማለቱን ብቻ አይቶ ከፍታውን አለማንበቡ ነው አንድ ደህና ቺፕ ያስነቀለው።

የመጀመሪያውን ቀን እንመልከት። ቺፑ ውስጥ ያለው ስዊች ሲጠፋ 2ኛው እግር ከመግቢያው ይለያል፤ የኮይሉም ከረንት ሲያልቅ ከሌላው ጫፍ ያለውን የመውጫ ቮልቴጅ ብቻ ያሳያል። ታዲያ ቺፑ ካልሠራ 12 ቮልቱ ከየት መጣ? ከአዳፕተሩ ነው። ቦርዱን በ12.0 አስተካክለውት አዳፕተሩ 12.2 ቢሰጥ፣ መውጫውን የሚከታተለው 4ኛው እግር የሚያየው ቮልቴጅ ከ1.23 አልፎ 1.25 ይሆናል። ኤልኤም2596 እዚያ እግር ላይ ከ1.23 ቮልት በላይ ካየ መውጫው ሞልቷል ብሎ ዝም ይላል፤ የተሠራው ለዚህ ነው። መብራቱን አጥፍተው ቢሆን ኖሮ በዚያው ቅጽበት ሥራውን ሲጀምር ያዩት ነበር። ያን ቺፕ ካልጣሉት ያስቀምጡት፤ ጤነኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

5ኛው እግር ላይ ያደረጉት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የዚህ ቺፕ ማብሪያ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይበራል፣ በከፍተኛ ይጠፋል። ከ0.6 ቮልት በታች ሲሆን ይሠራል፤ ከ2 ቮልት በላይ ከሆነ ተኝቶ 80 ማይክሮአምፔር ያህል ብቻ ይስባል። 0 ቮልት ማየትዎ «ሥራ» ተብሏል ማለት ነው። በሰማያዊው ቦርድ ላይ ይህ እግር ከግራውንድ ጋር ስለተያያዘ የሰጡት 5 ቮልት ቺፑ ጋ አልደረሰም፤ ምንጭዎን ነው ሾርት ያደረጉት። ለሌላ ቺፕ ግን ይህን ደንብ አይውሰዱ፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚበሩም ብዙ አሉ።

መስመሩ መግቢያው ቮልቴጅ ላይ ከቆመ ስዊቹ ሙሉ ለሙሉ በርቶ ቀርቷል። ወይ ውስጡ ሾርት ሆኗል፣ ወይ መውጫው አልሞላም እያለ ያለማቋረጥ ይገፋል። ከአንድ 12 ቮልት ባትሪ 12 ቮልት ለማውጣት በዚህ ቺፕ የሚሞክሩ ሰዎች የሚያጋጥማቸው ይኸው ነው። ስዊቹ ራሱ 1 ቮልት ያህል ስለሚበላ ባትሪው 13 እና 14 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ማውረድ የሚችለው ነገር አይኖርም። የእርስዎ ባትሪዎች በተከታታይ ስለሆኑ ይህ አይመለከትዎትም።

አሁን ያለው ሁኔታዎ የቀረው፣ ማለትም ዜሮ ነው። ለዜሮ ደግሞ ደብዳቤዎ ውስጥ ያሉት ሁለት ምልክቶች በቂ ናቸው፦ አዲስ ቺፕ ወዲያው ይሞቃል፤ ቦርዱ ተሰክቶ እያለ ራውተሩ በአዳፕተሩም አይነሳም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ የሚያመለክቱት ኮይሉ አጠገብ ያለውን ሾትኪ ዳዮድ ነው፤ ሾርት ሆኗል። ዳዮዱ ከ2ኛው እግር ወደ ግራውንድ ነው የተቀመጠው፤ ሾርት ሲሆን ቺፑ በራ ባለ ቁጥር የመግቢያውን 27 ቮልት ያህል ያለ ኮይል በቀጥታ ወደ ግራውንድ ያፈሳል። ቺፑ ራሱን ለማዳን ከረንቱን ይገድባል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በመጨረሻም በሙቀት ይዘጋል። በሌላ በኩል የአዳፕተሩ 12 ቮልት በኮይሉ አልፎ በዚያው ዳዮድ ግራውንድ ስለሚገባ አዳፕተሩም ይወድቃል። ስለዚህ ሦስተኛው ቺፕ ላይሞት ይችላልና ዳዮዱ ሳይቀየር አይፍረዱበት።

ለማረጋገጥ ቦርዱን ከባትሪውም ከራውተሩም ነቅለው ሁለት ደቂቃ ይተዉት። መልቲሜትሩን ዳዮድ መለኪያው ላይ አድርገው ቀዩን ዘንግ መስመር በሌለው የዳዮዱ ጫፍ፣ ጥቁሩን መስመር ባለው ጫፍ ያሳርፉ። ደህና ሾትኪ ከ0.15 እስከ 0.3 ያሳያል። ዘንጎቹን ሲያገላብጡ ካፓሲተሩ እየሞላ ስለሚሄድ ቁጥሩ ከዝቅታ ተነሥቶ ይወጣል። በሁለቱም በኩል ዜሮ ካሳየና ቢፕ ካለ ዳዮዱን ነቅለው የነበረበትን ቦታ እንደገና ይለኩ። ሾርቱ አብሮ ከሄደ ጥፋተኛው እሱ ነው። እዚያው ከቀረ የኮይሉን አንድ እግር ያንሱ፤ ሾርቱ ከቺፑ ወገን ከሆነ ቺፑ፣ ከመውጫው ወገን ከሆነ የመውጫው ካፓሲተር ነው።

ዳዮዱ ለምን ሄደ? እነዚህ ቦርዶች ላይ በብዛት የሚገኘው ኤስኤስ34 ነው፤ የሚችለው 40 ቮልት ነው። ስዊቹ በበራ ቁጥር ዳዮዱ ላይ የሚያርፈው ሙሉው የመግቢያ ቮልቴጅ ነው። የዳዮዱ አቅም ከከፍተኛው መግቢያ ቢያንስ 1.25 እጥፍ መሆን አለበት፤ ባትሪዎቹ ቻርጅ ሲሞሉ ለሚኖራቸው 27.6 ቮልት 34.5 ማለት ነው፣ ስለዚህ በወረቀት ላይ 40 ይበቃል። መግቢያው ግን ሁልጊዜ 27.6 አይደለም።

ከደብዳቤዎ ሁሉ ዋናው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ለብቻው ስለካው 23 ቮልት አካባቢ ነው።» ቁጥሩ ልክ ነው፤ የሚናገረው ግን ሌላ ነገር ነው። ቻርጀርዎ ካፓሲተር የለውም፤ ከአራቱ ዳዮድ የሚወጣው በሰከንድ 100 ጊዜ ከዜሮ ወደ ጫፍ የሚዘልል ጉብታ ነው። መልቲሜትር በዲሲ ሲለካው አማካዩን ያሳያል፤ አማካዩም ከትራንስፎርመሩ ቮልቴጅ 0.9 እጥፍ አካባቢ ነው። ጫፉ ግን 1.41 እጥፍ ነው። ሎድ የሌለበት ባለ 24 ቮልት ትራንስፎርመር 27 ቢሰጥ ጫፉ 38 ይደርሳል፤ ሁለት ዳዮድ 1.4 ቢቀንሱለት 36.7 ይቀራል። የመብራት መስመሩ ቮልቴጅ ከ220 በ10 በመቶ ከፍ ባለበት ሰዓት ደግሞ ከ40 ያልፋል። የቦርዱ መግቢያ ላይ ያለው ካፓሲተር የሚሞላው በጫፉ ነው፤ አማካዩን አያውቀውም። በራስዎ ዓይን ማየት ከፈለጉ ቻርጀሩን ከሁሉም ለይተው 100 ማይክሮፋራድ 63 ቮልት ካፓሲተር መውጫው ላይ አድርገው እንደገና ይለኩ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አያሳስቱ፤ ባለ 35 ቮልት ካፓሲተርም አይጠቀሙ፣ ይፈነዳል።

እስከ ስድስት ወር ድረስ ይህ ጫፍ ያልታየው ባትሪዎቹ ስለዋጡት ነው። ደህና የእርሳስ ባትሪ የቻርጀሩን ጉብታ ጠጥቶ ቮልቴጁን 28 አካባቢ ያቆየዋል። ያልተገደበ ቻርጀር ግን ቀንና ሌሊት እየገፋ ውኃውን ያደርቀዋል፤ የደረቀና ሰልፌት የያዘው ባትሪ የውስጥ ሪዚስታንሱ ይጨምራል፣ ቻርጅ ሲደረግ ቮልቴጁ ይወጣል፣ ሲጠየቅ ደግሞ ወዲያው ይወድቃል። ግማሽ ሰዓት አለመሙላቱ የዚህ ምልክት ነው። ሒሳቡን ቢሠሩት ሁለቱ ባትሪዎች አዲስ ሲሆኑ 168 ዋት-ሰዓት ይይዛሉ፤ 12 ዋት የሚበላ ራውተር ከነብክነቱ 14 ዋት ቢወስድ ሌሊቱን ማሳደር ነበረባቸው። ስለዚህ መብራት ሲመጣ ቻርጀሩ የሚያገኘው ባትሪ ሳይሆን ግድግዳ ነው፤ ጫፉ ሁሉ ቦርዱ ላይ ያርፋል። ሁለቱን ባትሪ የሚያያይዘውን አጭር ገመድም ይፈትሹ። የእነዚህ ባትሪዎች ምላስ ብዙ ጊዜ 4.8 ሚሊሜትር ነው፤ 6.3 ሚሊሜትር ማያያዣ ከገባበት ይላላል። ያ ገመድ ለአፍታ ከተላቀቀ ባትሪ የሚባል ነገር መሐል ላይ የለም፤ ቻርጀሩ ከቦርዱ ጋር ፊት ለፊት ነው።

ስለዚህ ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቻርጀሩን፣ ቀጥሎ ባትሪዎቹን፣ ከዚያ ዳዮዱን ይቀይሩ፤ ቺፑ የመጨረሻው ነው። ቅደም ተከተሉን ካዛቡት አራተኛ ቺፕ ይገዛሉ።

ቻርጀሩ ለ24 ቮልት የእርሳስ ባትሪ የተሠራ፣ ከ27.2 እስከ 27.6 ቮልት ላይ የሚቆም፣ ከ1 እስከ 1.5 አምፔር የሚሰጥ ይሁን። ትራንስፎርመሩን መጣል ካልፈለጉ ከዳዮዶቹ በኋላ 4700 ማይክሮፋራድ 63 ቮልት ካፓሲተር፣ ከዚያ ኤልኤም317 ያስገቡ። ከመውጫው ወደ ማስተካከያው እግር 240 ኦም፣ ከማስተካከያው ወደ ግራውንድ 4.7 ኪሎኦም እና 390 ኦም በተከታታይ ያድርጉ፤ 28 ቮልት ያህል ያወጣል። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ወደ ኋላ እንዳይፈስ መውጫው ላይ አንድ ሾትኪ ዳዮድ በተከታታይ ሲያስገቡ 27.6 ይቀርዎታል። ቦርዱ ሎድ ይዞ እያለ ባትሪው ላይ ለክተው ያረጋግጡ። ኤልኤም317ን ያለ ጥሩ ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያወጣ ብረት) አይሞክሩት፤ የኋላው ብረት ከመውጫው እግር ጋር የተያያዘ ስለሆነም ሂት ሲንኩ ግራውንድ እንዳይነካ። ይህን ሲሠሩ የትራንስፎርመሩ አንድ ወገን 220 ቮልት መሆኑን አይርሱ፤ ሶኬቱ ሳይነቀል እጅዎን አያስገቡ።

ባትሪዎቹን ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀይሩ። አዲስና አሮጌ በተከታታይ ከገቡ አሮጌው አዲሱን ይገድለዋል። ከፖዘቲቩ ምላስ ከ10 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ 2 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ። 7 አምፔር-ሰዓት ትንሽ ይመስላል፤ ሾርት ሲሆን ግን ገመድ ያቀልጣል።

ቦርዱ ላይ ኤስኤስ34ን አንሥተው ኤስኤስ36 ወይም ኤስኤስ56 ያድርጉ፤ ሁለቱም 60 ቮልት ናቸው። ባለ እግር ዳዮድ ብቻ ካገኙ ኤስቢ360 ይሆናል፣ እግሩን አሳጥረው ይበይዱ። 1ኤን5822 በሁሉም ሱቅ ይገኛል፤ እሱም 40 ቮልት ስለሆነ ለዚህ ቦታ አይሆንም። ኤስኤስ54ም በአምፔር ይበልጣል እንጂ በቮልት ያው 40 ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የመግቢያውን ካፓሲተር በ220 ማይክሮፋራድ 63 ቮልት ይተኩ፤ በ40 ቮልት የተደበደበ ካፓሲተር ጤነኛ ቢመስልም አይታመንም። ከባትሪ እስከ ቦርድ ያለው ገመድ ረጅም ሲሆን ደግሞ 1ኛው እግር (መግቢያው) አጠገብ ያለ ደህና ካፓሲተር የግድ ነው፤ ከሌለ ቺፑ ሲበራና ሲጠፋ የገዛ መግቢያው ይናወጣል።

ከካፓሲተሩ ጎን ኤስኤምቢጄ30ኤ የሚባለውን የቮልቴጅ መከላከያ ዳዮድ ያድርጉ፤ መስመር ያለው ጫፉ ወደ ፖዘቲቭ። ከ33 እስከ 37 ቮልት ባለው መጠን ውስጥ መያዝ ይጀምራል። ወሰኑን ግን ይወቁ፦ በማይክሮሰከንድ የሚያልፍ ዝላይን ይይዛል እንጂ ያልተገደበ ቻርጀርን ሰዓታት ሙሉ አይሸከምም። እዚያ ላይ ከተደገፉበት ራሱ ሾርት ይሆናል። የቻርጀር ምትክ አድርገው አይዩት።

አዳፕተሩንና የቦርዱን መውጫ እንደዚያ አንድ ላይ ማሰር ይቅር። ለእያንዳንዳቸው አንድ ሾትኪ ዳዮድ በተከታታይ አስገብተው፣ ከዳዮዶቹ በኋላ ያገናኟቸው። እዚህ ቦታ ላይ ለ12 ቮልት 1ኤን5822 ይበቃል። ዳዮዱ 0.4 ቮልት ያህል ስለሚወስድ ቦርዱን ከ12.3 እስከ 12.4 ላይ ያድርጉት። ከዚህ በኋላ አንዱ ቢበላሽ ሌላውን ይዞ አይወድቅም፤ ያ «በአዳፕተሩም አልነሳም» ያሉት ነገር አይደገምም።

ሰማያዊውን ቦርድ ስንነካ ያቺን ቢጫ የነሐስ ብሎን ያላትን ማስተካከያም አስወግዷት እላለሁ። ከመውጫው ወደ 4ኛው እግር የምትሄደው 10 ኪሎኦም ማስተካከያ ናት። አቧራ ገብቶ ለአፍታ ብትላቀቅ ቺፑ መውጫው ባዶ ነው ብሎ ያምናል፣ ስዊቹን ሙሉ ያበራል፣ 27ቱን ቮልት ራውተሩ ላይ ይለቀዋል። ከ4ኛው እግር ወደ ግራውንድ ያለችውን ሪዚስተር ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ 331 ይላል፣ 330 ኦም ነው። ለእሱ፣ በማስተካከያዋ ቦታ 2.7 ኪሎኦምና 270 ኦም በተከታታይ ከገቡ 12.3 ቮልት ይሰጣል። ስሌቱ መውጫ እኩል ነው 1.23 ሲባዛ በ(1 ሲደመር የላይኛው ሪዚስተር ሲካፈል ለታችኛው)። የተለየ ቁጥር ካገኙ በዚህ አስሉት።

ሁሉም ከተበየደ በኋላ ራውተሩን አይሰኩ። ከባትሪው ወደ ቦርዱ በሚሄደው ፖዘቲቭ ገመድ ላይ የከባድ መኪና 24 ቮልት 21 ዋት አምፖል በተከታታይ ያስገቡ፤ መውጫው ላይ ደግሞ የመኪና 12 ቮልት 5 ዋት አምፖል። የመውጫው በርቶ የመግቢያው ደብዘዝ ካለ ወይም ጭራሽ ካልታየ ጥሩ ነው። የመግቢያው ደምቆ የመውጫው ጨለማ ከሆነ ሾርቱ አሁንም አለ፤ አምፖሉ ግን ቺፑን አትርፎልዎታል። ይህች የአምፖል ዘዴ በጥገና ሥራ ውስጥ ካሉት ርካሽ መሣሪያዎች ሁሉ የምትበልጥ ናት።

ኦሲሎስኮፕ ባይኖርዎት ስዊች ማድረጉን ለማወቅ መልቲሜትር ብቻውን አይበቃም። 2ኛውን እግር በዲሲ ሲለኩ፣ ቺፑ ቢሠራም ባይሠራም በኮይሉ ምክንያት አማካዩ ከመውጫው ጋር እኩል ሊሆን ይችላል፤ ተራ መልቲሜትር ደግሞ በኤሲ 150 ኪሎኸርዝን አያየውም። ስለዚህ ትንሽ መመርመሪያ ይሥሩ። 1 ናኖፋራድ 100 ቮልት ካፓሲተር አንድ ጫፉን 2ኛው እግር ላይ፤ ሌላው ጫፉ ሁለት 1ኤን4148 ዳዮዶች የሚገናኙበት ቦታ ይግባ። የመጀመሪያው ዳዮድ ከግራውንድ ወደዚያ ነጥብ፣ ሁለተኛው ከዚያ ነጥብ ወደ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ይምራ፤ የካፓሲተሩ ሌላ ጫፍ ግራውንድ ነው፣ ከጎኑም 1 ሜጋኦም። መግቢያው 27 ቮልት ሆኖ ቺፑ ከሠራ ካፓሲተሩ ላይ 25 ቮልት ያህል ያነባሉ፤ መስመሩ ቀጥ ካለ፣ የትኛውም ከፍታ ላይ ቢቆም፣ ወደ ዜሮ ይወርዳል። መመርመሪያውን እግሩ ላይ ሳይሆን የቦርዱ ሾትኪ ዳዮድ መስመር ያለው ጫፍ ላይ ይያዙት፤ ነጥቡ አንድ ነው። 1ኛውና 2ኛው እግር ተጠጋግተው ስለተቀመጡ የሾለው ዘንግ አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ ሙሉው 27 ቮልት ወደ መውጫው ያልፋል።

እሱም ካስቸገረዎት የኤኤም ሞገድ ያለው ትንሽ ራዲዮ ይበቃል። አዳፕተሩን ነቅለው በባትሪ ብቻ እየሠራ ራዲዮውን ከኮይሉ 10 ሴንቲሜትር አርቀው በ600፣ በ750 ወይም በ900 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያዙሩት። የ150 ብዜቶች ናቸውና ቺፑ ከሠራ ጩኸት ይሰማሉ፤ ገመዱን ሲነቅሉ ጩኸቱ አብሮ ይቋረጣል።

ስለ ፎርጅድ የጠየቁት ተገቢ ነው፤ በእርስዎ ጉዳይ ግን የመጀመሪያ ተጠርጣሪ አይደለም። በ52 ኪሎኸርዝ የሚሠራው የቀድሞው ኤልኤም2576 ላዩ ተፍቆ 2596 ተብሎ ይሸጣል። ለመለየት ፍሪኩዌንሲ የሚለካ መልቲሜትር ይበቃል፦ መውጫው ላይ ሁለት 5 ዋት አምፖሎች ጎን ለጎን አድርገው 2ኛውን እግር ይለኩ። ሎዱ ሲያንስ ኮይሉ ስለሚንቀጠቀጥ ቆጠራው ይሳሳታል፤ ለዚህ ነው ሁለት አምፖል ያልኩት። ከ127 እስከ 173 ኪሎኸርዝ ከሆነ ልክ ነው። 50 አካባቢ ካነበቡ ቺፑ ስሙን አይደለም። ጉዳቱ የስም ብቻ አይደለም፦ ቦርዱ ላይ ያለው 33 ማይክሮሄንሪ ኮይል ለ150 ኪሎኸርዝ የተመረጠ ነው። በእርስዎ ቮልቴጅ በዚያ ፍጥነት የከረንቱ መዋዠቅ 1.3 አምፔር ያህል ነው፤ በ50 ግን ለ1 አምፔር ሎድ ጫፉ ወደ 3 አምፔር ይጠጋል። ኮይሉ ይጠግባል (ከረንቱን መግታት ያቅተዋል)፣ ቺፑ ይሞቃል፣ በሙቀት ይዘጋል፣ ሲበርድ ይነሳል፤ ራውተሩ በየደቂቃው እንደገና ሲጀምር ያዩታል። ደህና ቺፕ ከ27 ወደ 12 ቮልት በ1 አምፔር ሲያወርድ የሚያባክነው ከ1 ዋት በታች ነው። ይሞቃል እንጂ ጣት አያስነሣም።

ቻርጀሩን አሁን መቀየር የማይችሉ ከሆነ ደግሞ ያለው አማራጭ ኤልኤም2576ኤችቪ ነው፤ መግቢያው እስከ 60 ቮልት ይችላል፣ እግሮቹም እንደ 2596 ናቸው። ግን ቺፑን ብቻ መተካት አይሆንም፤ ፍጥነቱ 52 ኪሎኸርዝ ስለሆነ ኮይሉ 220 ማይክሮሄንሪ፣ የመውጫው ካፓሲተር 1000 ማይክሮፋራድ መሆን አለበት፣ 5ኛውም እግር ከግራውንድ ጋር ይበየድ እንጂ ተንጠልጥሎ አይቀር። ቦርድዎን ያተርፍልዎታል። አዲሶቹን ባትሪዎች ግን ያው ቻርጀር እንደገና ያደርቃቸዋል።

ሥራው ሲያልቅ ራውተሩን ከመሰካትዎ በፊት አምፖሎቹ መውጫው ላይ እንዳሉ፣ ባትሪውም እንደተገናኘ፣ ቻርጀሩን አሥር ጊዜ ይሰኩና ይንቀሉ፤ መልቲሜትሩን የቦርዱ መግቢያ ላይ ያድርጉት፣ ከፍተኛውን የሚይዝ ማዘዣ ካለው ያብሩት። ከ28.5 በላይ የሚል ቁጥር ካዩ ራውተሩን አይስጡት፤ ወደ ቻርጀሩና ወደዚያች ባትሪዎቹን ወደምታያይዘው አጭር ገመድ ይመለሱ።